ወንድሜን ከነደብተሩ

(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። የዚህን ዓምድ ጥያቄዎች የሚመልሱት ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ለረጅም ዘመን በነርስነት ያገለገሉ የድሬዳዋ እናት ናቸው።)

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ታናሽ ወንድሜ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። 25 ዓመቱ ነበር። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ስኳር ነበረበት፤ ያ ያለ መርፌ የማይኖሩበት ዓይነት። መጨረሻ ላይ ኩላሊቱ ደከመና አጣነው።

ሙት ዓመቱ ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ቤታችን ግን ከወዲሁ ተኳርፏል። እናቴ «የበሽታውን ስም እቤቴ ውስጥ እንዳትጠሩብኝ» ብላለች። ሲቀበር የተነበበው የሕይወት ታሪክም በእሷ ፈቃድ ነው የተጻፈው። «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» ይልና ያልፋል። 14 ዓመት በዚያች ግማሽ መስመር አለቀ። እናቴ የምትሰጋው ለትንሿ እህታችን ነው። «የዘር በሽታ አለባቸው ይሉናል፤ ማን ያገባታል?» ትላለች። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ትሄድ ነበር። ዘንድሮ አልሄድም ብላለች።

ወንድሜ ባጃጅ ነበር የሚነዳው። የተራው ልጆች ፎቶውን ቲሸርት ላይ አሳትመው፣ ስለ ስኳር በሽታ የሚያስተምር ንግግር አድርገው ሊያስቡት ይፈልጋሉ። የመረጡት ፎቶ ሆስፒታል ተኝቶ የተነሳው ነው። «ሰው አይቶ እንዲማር» አሉኝ። አልወደድኩትም። ግን ምን ልበላቸው?

ሰፈሩም የራሱን ያወራል። ጫት ነው የጨረሰው የሚል አለ። ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም ነበር፣ በሽታውን ራሱ ነው ያመጣው የሚልም አለ። አንዴ ባጃጁን አቁሞ መርፌውን ሲወጋ ያየች ተሳፋሪ ሱሰኛ መስሏት ወርዳ ሄዳለች። እሱ ይህን እያወራ ይስቅ ነበር። እኔን እስካሁን ያናድደኛል።

ዕቃዎቹን ስናነሳ ደብተሮቹን አገኘሁ። በየቀኑ የለካውን ስኳር ይጽፍባቸው ነበር። ከቁጥሩ ጎን አንዳንድ ነገር ጣል ያደርጋል። «312። የጓደኛዬ ሰርግ። አይቆጨኝም።» «58። ታይዋን መሐል። ከረሜላ በላሁ፣ ሰውየውን አደረስኩት።» (ታይዋን የድሬዳዋ ገበያችን ነው።) «121። ዛሬ ማንም አላወቀብኝም።» ሳነበው ሌላ ወንድም ያገኘሁ መሰለኝ። ሙት ዓመቱ ላይ ከዚህ ባነብ ምን ይመስልዎታል? ወይስ ምስጢሩን ማውጣት ይሆንብኛል?

ሌላም አለ። ለኢንሱሊኑ ራሱ የሠራው የሸክላ ማቀዝቀዣ ነበረው። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ፣ መሐሉ አሸዋ። መብራት ስለሚጠፋ ፍሪጁን አያምነውም ነበር። እናቴ እስካሁን ጠዋት ጠዋት አሸዋውን ታረጥባለች። ውስጡ አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ቀርቷል። መርፌዎቹና መለኪያውም አሉ። ምን እናድርጋቸው?

እህቱ ነኝ፤ ስሜ ይቆይ።

መልስ

የኔ ልጅ፣ ነፍሱን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደብተሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፤ ቲሸርቱ ይደርሳል።

አንብቢው። ሁሉንም ገጽ ግን አይደለም። ስለ ሌላ ሰው የጻፈው ካለ፣ ስለ ፍቅር የጻፈው ካለ፣ ተስፋ የቆረጠበት ሌሊት ካለ፣ እሱ ላንቺ ይቅር። የሰርጉን፣ የታይዋኑንና «ማንም አላወቀብኝም» ያለበትን ግን ሰው ይስማው። ምክንያቴን ልንገርሽ።

58 ማለት ምን እንደሆነ ለቀስተኛው ሁሉ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስኳር ከ70 ሲወርድ ሰውነት መጮህ ይጀምራል። እጅ ይንቀጠቀጣል። ልብ ይደልቃል። ላብ ያጠምቃል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ የማን ላብ ከምን እንደመጣ አይለይም። ከዚያ ሐሳብ ይደበዝዛል፣ ምላስ ይተሳሰራል፤ የሚያየው ሰው ሰክሯል ይላል። ክፋቱ ደግሞ፣ መፍትሔውን ማስታወስ ያለበት አእምሮ ራሱ ነው ስኳር ያጣው። ወንድምሽ በዚያ ሰዓት፣ ገዢና ተሸካሚ በሚተራመስበት ገበያ መሐል፣ ምን እንደሆነ ገባው። ከረሜላውን አወጣ። በላ። ተሳፋሪውን አደረሰ። እቤት ገብቶ ጻፈው። (እንደ ነርስ ብትጠይቂኝ ሩብ ሰዓት ቆመህ፣ ደግመህ ለክተህ ነው መንዳት ያለብህ እለው ነበር። ሳይቆጣኝ አይቀርም ነበር።)

312ንም እንዲሁ እይው። ሰርግ ነው። ምግቡ አለ፣ ለስላሳው አለ፣ ጭፈራው አለ። ልጁ የሚበላው ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። አውቆ ነው የበላው፣ አውቆም ነው የለካው። ብዙ ሰው ቁጥሩ እንደሚከፋ ሲያውቅ መለካቱን ይተወዋል። እኔ በሥራዬ ዘመን ያየሁት ደብተር ሁሉ ክትትል ሊቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር የሚያምርበት! አንዳንዱ ሙሉ ወሩን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ማታ ጽፎት ይመጣል። ወንድምሽ ግን 312 ብሎ ጽፎ «አይቆጨኝም» ሲል ለሐኪም አይደለም የጻፈው።

ሒሳቡን ሠራሁት። ጠዋትና ማታ ብቻ ይወጋ ነበር ብንል እንኳ፣ በ14 ዓመት ከ10,000 መርፌ ይበልጣል። ለመለካት ጣቱን የወጋውን ሳንቆጥር። ምሳ ከዘገየ ስንት ይቀንስ፣ ሮጦ ኳስ ከተጫወተ ስንት ይብላ፣ ትኩሳት ከያዘው ምን ያድርግ። ይህን ሁሉ የሚያሰላው ደግሞ ደንበኛ እያነሳ፣ በነዳጅ ሰልፍ እየተቃጠለ፣ ከትራፊክ ጋር እየተከራከረ ነው። ስለዚህ ያቺ «በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» የምትለው መስመር እኔንም አታስደስተኝም። ሕክምናውን ቀን ከሌት የሚሠራው እሱ ራሱ ነበር። እኛ በወር አንዴ ነው የምናየው።

ሐረር በሠራሁበት ዘመን አንድ ወጣት ታካሚ ነበር። በክትትል ቀን ቀድሞ ይመጣል። አዲስ የታወቀባቸው ልጆች መርፌውን ሲያዩ ሲያለቅሱ፣ ከኪሱ ብርቱካን ያወጣና በውኃ ያለማምዳቸዋል። መጀመሪያ ብርቱካኑ ላይ፣ ከዚያ ራሱ ሆዱን ገልጦ ያሳያቸዋል። እናቶቹ እኛን ከሚሰሙ እሱን ይሰሙ ነበር። እሱም ዛሬ የለም። የሕመሙን ነገር ትተሽ ስለዚያ ልጅ አውሪ ብትዪኝ ብርቱካኑ ሊቀርብኝ ነው። ያንን ሳላወራ እሱን አላወራሁም።

ግን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳትሄዱብኝ። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ የሚሰጠው ሕክምና ረሃብ ነበር። ምግብ ይቀንሱለታል፣ እየመነመነ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል ታዳጊ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ በደንብ ስላልተጣራ አልሆነለትም። ከ12 ቀን በኋላ በተጣራው ተደገመለትና ስኳሩ ወረደ። ከዚያ 13 ዓመት ኖሮ፣ በ1935 በሳንባ ምች ሞተ። ስለ እሱ የተጻፈ ሳገኝ አነባለሁ። ሁሉም የሚያወራው ስለ መርፌው ነው። በእነዚያ 13 ዓመታት ምን ያስቀው እንደነበር፣ ማንን ይወድ እንደነበር ሳላገኝ እዘጋዋለሁ። ወንድምሽንም የተራው ልጆች እንዲህ እንዳያደርጉት ነው የምሰጋው። ማይክ ይዘው ስለ ቆሽት ሲያስረዱ፣ ልጁ መሐል ላይ ይጠፋል።

አሁን ቲሸርቱ ጋ ደረስን። የሆስፒታሉ ፎቶ አይሆንም። አቦ እንዲህ አይደረግም በያቸው፤ እትዬ ናቸው ያሉት በያቸው። የታመመ ሰው ፊት ለማስተማሪያ አይለጠፍም። ያውም እሱ፣ ዛሬ ማንም አላወቀብኝም ብሎ ደስ ብሎት የጻፈ ልጅ! ደግሞ ቲሸርት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ሦስት ወር ሳይሞላው አንዱ ለብሶት ባጃጅ ያጥብበታል። ይጠብበት፣ ምንም አይደለም። ግን ባጃጁ ላይ ተቀምጦ የሳቀበት ፎቶ ይሁን። እንዲያ ከሆነ ቢያጥቡበትም ደስ ይለዋል።

ንግግሩንም ቀይሩት። የስኳር ትምህርት ከሙት ዓመቱ ይለይ። ለቅሶ ላይ ያለች እናት ፊት ስለ ምልክትና ስለ መከላከል ማውራት እኔ አይዋጥልኝም። ትምህርቱ የራሱ ቀን አለው። የዓለም የስኳር ሕመም ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ይከበራል፤ በእኛ ኅዳር 5 ገደማ ይውላል። ቀኑ የተመረጠው ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆነው ፍሬድሪክ ባንቲንግ በዚያ ዕለት፣ በ1891 ስለተወለደ ነው። የተራው ልጆች ያን ቀን አንድ የጤና ባለሙያ ጠርተው፣ እዚያው ተራው ላይ ያስተምሩ፣ ያስለኩ። በስሙ ያድርጉት። ለሙት ዓመቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ እሱ። በሽታው ከፈለገ በራሱ ይገባበታል። ከእነሱ ውስጥ «ላብህ መጣ፣ ከረሜላህን ብላ» ይለው የነበረ አንድ ልጅ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። እሱን ፈልጊው። እናንተ ቤት የማታውቁትን ያውቃል።

የሰፈሩን ወሬ በተመለከተ፣ ለሁሉም መልስ እየሰጠሽ አትድከሚ። አንቺ ራስሽ ግን እውነቱን ያዢ። ይህኛው የስኳር ዓይነት ጣፋጭ በመብላት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎች ያጠፋቸዋል። የ11 ዓመት ልጅ ምንም አላጠፋም። ከረሜላው ደግሞ ለስኳሩ መውረድ የያዘው መድኃኒት ነበር። ጫትም በሽታውን አላመጣበትም። ይቅም አይቅም አላውቅም፤ ቢቅምም የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ መርፌውን ወግቶ ምሳውን የዘለለ ሰው በርጫው መሐል ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። አብረው የሚቅሙት ደግሞ መርቅኗል ብለው ይተዉታል። ይህን ለተራው ልጆች ንገሪያቸው፤ ከነሱ መሐል የታወቀበትም ያልታወቀበትም ሊኖር ይችላል።

ትንሿ እህትሽ። እህት ወይም ወንድም ላይ ይህ በሽታ የመምጣቱ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። አብዛኞቹን ግን ዕድሜ ልካቸውንም አይዛቸውም። ለእሷም ለማንኛውም ልጅ ግን ምልክቱን እወቁ። ውኃ ውኃ ካለ፣ ሽንት ከበዛበት፣ እየበላ ከከሳ፣ አልጋ ማርጠብ ትቶ እንደገና ከጀመረ፣ ወባ ነው ታይፎይድ ነው ከማለታችሁ በፊት ስኳሩን አስለኩት። አንዲት የደም ጠብታ ናት። እዚህ አገራችን ላይ ልጅ ሲደክምና ሲያስመልስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ስለሆነ፣ ስንቱ ልጅ ትንፋሹ እያጠረ፣ ራሱን ስቶ ነው የሚመጣው።

እናትሽ ላይ መጣሁ። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል።

አትሟገቻት። የበሽታውን ስም መጥራት የምትፈራው ስለማታውቀው እንዳይመስልሽ። ካንቺም ከእኔም በላይ ታውቀዋለች። የስኳር ልጅ ያላት እናት ሌሊት ምን እንደምታደርግ ልንገርሽ። ልጇ ተኝቶ ስኳሩ ይወርድበት ይሆን ብላ ትነሳለች። መብራት ሳታበራ፣ እንዳይነቃባት፣ አንገቱን ከኋላ በእጇ ትዳብሳለች። ላብ ካለው ትቀሰቅሰዋለች፣ ሻይ በስኳር ታጠጣዋለች። ደረቅ ከሆነ ተመልሳ ትተኛለች። ከዚያ ደግሞ ትነሳለች። ይህን ስንት እናት ነግራኛለች! እናትሽም አድርጋው ይሆናል። ጠይቂያት። «ወንድሜ ምን ነበረበት» ሳይሆን «ሌሊት ሌሊት ምን ታደርጊለት ነበር» ብለሽ ጠይቂያት። ለብቻችሁ፣ ቡና ላይ፣ ሰው በሌለበት። ካወራችልሽ ከደብተሩ ሁለት ሦስት መስመር አንብቢላት። የሰርጉን መጀመሪያ፤ ያስቃታል። የሚቀጥለውን እሷ ትወስን።

እንቢ ካለች፣ እቤት ውስጥ አታንቢው። ቤቱ የእሷ ነው። ልጁ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። ከጸሎቱና ከዝክሩ በኋላ የተራው ልጆች የራሳቸውን ቡና ያፍሉ፣ አንቺም እዚያ ሄደሽ አንብቢ። ይህን ስል ከእናትሽ ተደብቀሽ ማለቴ አይደለም። ነግረሻት ሂጂ።

ስለ ትዳሩ ያለችውም ከንቱ ስጋት አይደለም፤ ሰው እንዲህ ያወራል። ግን ሰፈሩ አውቆ ጨርሷል። እናንተ ዝም ስላላችሁ የሚወራው ጫትና ሱስ ሆነ። እኔ እናት ብሆን፣ ልጄ ሱሰኛ ነበር ከሚባል ስኳር ነበረበት ቢባል እመርጣለሁ። ይህንን ሐሳብ የምታከብሩት ሰው፣ የነፍስ አባቷ ወይም የእድሩ ሰብሳቢ፣ ቢያነሳላት ካንቺ የተሻለ ትሰማ ይሆናል።

ቁልቢን ግን ለእሷና ለገብርኤል ተዪላቸው። የማይሄድ እግር አይገፋም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ልጇ 14 ዓመት ስለቷንም መርፌውንም ይዞ ነው የኖረው። ጸበል ልንጠጣ ነው ብለው ኢንሱሊን ያስቆሙ ቤተሰቦች ልጃቸውን ተሸክመው ሲመጡ አይቻለሁ። እናትሽ እንዲያ አላደረገችም። ይህን አንድ ቀን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ስለ ዝክሩ ብዙ አልልም። ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ስለሆነ ምግቡ የጾም ነው። የሙስሊም ጓደኞቹም አብረው ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ሥጋ ለብቻ፣ ድስት ለብቻ የሚል ጣጣ የለም። ሽሮውንና ምስሩን አብዙት።

አሁን ዕቃዎቹ። ሸክላውን ማንም እንዳይነካባት። በነገራችን ላይ ወንድምሽ ጎበዝ ነበር። አሸዋው ውስጥ ያለው ውኃ በሸክላው ላብ እየወጣ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እንደ ድሬ ያለ ደረቅ አየር፣ ጥላ ሥር ከሆነ፣ ውስጡ ከውጭው ይቀዘቅዛል። እንደ ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ አያደርሰውም፤ ግን በእጅ ላይ ያለን ብልቃጥ ከቀትሩ ያተርፋል። የሚያስፈልገው በየቀኑ ማርጠብ ነው። እናትሽ ይህን ሥራ ለምዳዋለች፤ ታርጥብ። ምን ይጎዳል?

ብልቃጡን ግን ለማንም እንዳትሰጡት። ዓመት ሙሉ ከፍሪጅ ውጭ የቆየ ኢንሱሊን አቅሙ አይታመንም፤ የሚወጋው ሰው መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ስኳሩ ሊከመርበት ይችላል። ለማውጣት አትቸኩሉ፤ እናትሽ ደስ ባላት ቀን አብራችሁ አውጡትና ጤና ጣቢያ ስጡት። መርፌዎቹን ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ አብራችሁ ውሰዱ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣል። ደቻቱ ወንዝ ውስጥማ በፍጹም፤ ደረቅ ሲሆን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

መለኪያው ለሚፈልገው ልጅ ይሰጥ። የክትትል ክፍሉ ነርሶች ማን እንደሌለው ያውቃሉ። የሚወስደው ሰው ለዚያው መለኪያ የሚሆነውን ስትሪፕ፣ የደም ጠብታው የሚነካባትን ቁራጭ ማለቴ ነው፣ ማግኘት አለበት፤ የሌላው አይሠራለትም፤ የተረፈ ስትሪፕ ካለም ቀኑ እንዳላለፈ እዩ። ከመስጠትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ብዙዎቹ መለኪያዎች የተለካውን ቁጥር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይዘው ያስቀምጣሉ። ባትሪ ቀይሪና ወደ ኋላ እየተመለስሽ ቁጥሮቹን ቅጂያቸው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደብተሩ ላይ ለመጻፍ አቅም አጥቶ ከሆነ፣ የጎደሉት ገጾች እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ።

አጭር ጥያቄ፣ ከሐረር

እትዬ፣ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ አራት ዓመቴ ነው፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከቤተሰቦቼ በቀር ማንም አያውቅም። ጓደኞቼ አዝነው እንዲያዩኝ አልፈልግም። የግድ መንገር አለብኝ?

መልስ

ለሁሉም አትንገር። ለሁለት ሰው ንገር፤ አንዱ ቀን አብሮህ የሚውል፣ ሌላው ማታ አብሮህ የሚያመሽ። ታሪኩን አታብዛባቸው። እንዲህ በላቸው፦ «ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ ወይም የማይገባ ነገር ካወራሁ ስኳሬ ወርዷል። ከሰማኋችሁና መዋጥ ከቻልኩ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡኝ። ሩብ ሰዓት ጠብቁና ካልተሻለኝ ድገሙት። ሲሻለኝ ምግብ አብሉኝ። ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፤ በጎኔ አስተኝታችሁ ሐኪም ቤት አድርሱኝ። ኢንሱሊን እንዳትወጉኝ።» ይኸው ነው። የሚያዝንልህ ካለ አንድ ሳምንት ያዝናል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ከረሜላም በኪስህ ያዝ። ለስላሳ የምትይዝ ከሆነ ደግሞ ስኳር ያለውን ያዝ፤ ያ ስኳር የለውም የሚባለው በዚያ ሰዓት ከውኃ አይሻልም።